«ፓስወርዱን ተቀብሎኛል፣ ኤስ ድራይቭ ግን የለም»

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ብቸኛው የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። 40 የሚሆኑ ዊንዶውስ 10 እና 11 ኮምፒውተሮች አሉን፤ ሁሉም በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩበት ዶሜይን ውስጥ ናቸው። ፓስወርድ የሚያጸድቀው ሰርቨር፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ፣ አንድ ብቻ ነው፤ ኤስ ድራይቭ ብለን የምንከፍተው ሼር ፎልደርም እዚያው ላይ ነው። ችግሩ ጠዋት ጠዋት ነው። ሠራተኛው ፓስወርዱን ያስገባል፣ ዴስክቶፑ ይመጣል፣ ኤስ ድራይቭ ግን የለም። አንዳንዴ ደግሞ ይኖራል፣ ግን ቀይ ኤክስ አለበት። ሂሳብ ክፍል ያሉትን የሂሳብ ፕሮግራማቸው ፒችትሪ ዳታውን አላገኘሁም እያለ አስቸግሯቸዋል። ሳይን አውት አድርገው ሲመለሱ ይስተካከላል። መብራት ሄዶ በመጣ ቀን ደግሞ ቢሮው በሙሉ ስሜን ይጠራል። ሥራ አስኪያጃችን ‹ይሄን ዶሜይን የሚባል ነገር ተወውና እንደ ድሮው ይሁን› እያሉኝ ነው። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ «ሳይን አውት አድርገው ሲመለሱ ይስተካከላል» ያልካት ነገር የመልሱን ግማሽ ይዛለች። ፎልደሩ ደህና ነው ማለት ነው። ፈቃዱም ደህና ነው። ፓስወርዱም ትክክል ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ኖሮ ሁለተኛውም ሎጊን አይሠራም ነበር። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ዕቃ አትፈልግ። ተራውን ያልጠበቀውን ፈልግ።

ብዙ ሰው ፓስወርዱ ካለፈ ሰርቨሩ አይቶ አጽድቆታል ብሎ ያስባል። የግድ አይደለም። ዊንዶውስ በዚያ ኮምፒውተር ላይ በመጨረሻ የገቡ ሰዎችን ማረጋገጫ ለራሱ ያስቀምጣል፤ ካልተቀየረ በስተቀር 10 ሰው ድረስ። ኔትወርኩ ገና ካልመጣ ከዚያ ማስታወሻው አይቶ ያስገባል። ዘበኛው ፊትህን ስለሚያውቅ ከበር አሳለፈህ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ግን ገና ታክሲ ላይ ነው። ዴስክቶፑ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ኤስ ድራይቭ ያልመጣውም ለዚሁ ነው።

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2001 ወዲህ፣ የቢሮ ኮምፒውተር ኔትወርኩን ሳይጠብቅ ሰውን እንዲያስገባ ተደርጓል። ቶሎ የተነሳ እንዲመስል ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ለመነሳት ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ኔትወርኩ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድም ነበር። ዛሬ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ያለው ማሽን በጥቂት ሰከንድ ፓስወርድ ይጠይቃል። ኔትወርኩ ደግሞ የራሱ እርምጃ አለው።

እርምጃው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ኬብሉ ሕይወት ያገኛል፣ ስዊቹም ፖርቱን ይከፍታል። ከዚያ ማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ ከሚያድለው ከዲኤችሲፒ አድራሻ ይቀበላል። ከዚያ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስን «ዶሜይን ኮንትሮለሩ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱን ያስተዋውቃል፤ አዎ፣ ከሠራተኛው በፊት ማሽኑም በራሱ አካውንትና በራሱ ፓስወርድ ነው የሚገባው። ከዚያ ሰውየው ይገባል። ድራይቩ የሚመጣው ከሁሉም ኋላ ነው። አንዱ ከዘገየ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል።

አሁን መጀመሪያ ማስረጃ ሰብስብ። ነገ ጠዋት ኤስ ድራይቭ የጠፋበት ሰው ሲጠራህ «ምንም አትንካ» በለው። ሳይን አውትም አያድርግ። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈትና ኬሊስት (klist) የሚለውን ትእዛዝ ስጥ። ይህ ትእዛዝ ሰውየው ከዶሜይን ኮንትሮለሩ የተቀበላቸውን የከርቤሮስ ቲኬቶች፣ ማለትም የመግቢያ ማረጋገጫዎች፣ ይዘረዝራል። ዜሮ ካለህ ሰውየው የገባው ከማስታወሻ ነው፣ ነገሩ እዚያው ላይ ታወቀ። ግን ቀደም ብለህ ድረስ። ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ ሰውየው ሼር ፎልደሩን አንድ ጊዜ ከነካ ቲኬቱ ይመጣና ማስረጃህ ይጠፋል። ብዙዎች በዚህ ቦታ ሎግኦን ሰርቨር የሚለውን ቫሪያብል አይተው «የሰርቨሩ ስም አለ፣ ስለዚህ ሰርቨሩን አግኝቷል» ይላሉ። እሱን አትመን። ከማስታወሻ ስትገባም የድሮውን ስም ሊያሳይህ ይችላል።

ቀጥሎ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ሲስተም የሚለውን ሎግ ክፈት። ሁለት ቁጥር ነው የምትፈልገው። 5719 ከኔትሎግኦን የሚመጣ ነው፤ ማሽኑ ከዶሜይን ኮንትሮለሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ማለቱ ነው። 1129 ሰርቨሩ ለማሽኖቹ ትእዛዝ ከሚያስተላልፍበት ከግሩፕ ፖሊሲ ነው፤ ኔትወርክ ስላላገኘሁ ፖሊሲውን አላነበብኩም ማለቱ ነው። የአንተ ኤስ ድራይቭ ምናልባት የሚመጣው በዚያ ፖሊሲ ነው። ቁጥሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ሰዓታቸውም ይናገራል። 5719 ማሽኑ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አንዴ ብቻ ታይቶ ዝም ካለ ኔትወርኩ ዘግይቷል። ቀኑን ሙሉ ከተደጋገመ ግን ጉዳዩ መዘግየት አይደለም፤ ወይ ዲኤንኤሱ ተሳስቷል ወይ ሰርቨሩ ራሱ ታሟል።

ከዚያ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል (ipconfig /all) በል። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ፣ ምክንያቱም በትናንሽ ቢሮ የማገኘው ችግር አብዛኛው እዚህ ስክሪን ላይ ተጽፎ ነው የሚገኘው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ ከማንም አድራሻ አላገኘም፣ ራሱ ፈጥሮ ነው። ደህና አድራሻ ካለው ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር እይ። እዚያ የሰርቨርህ አድራሻ መኖር አለበት። 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 የመሰለ የማታውቀው ነገር ካየህ ግን አንድ ሰው ከቤቱ ወይም ከሱቅ ትንሽ ዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰክቷል። ስብሰባ ክፍል ውስጥ ሲግናል ደካማ ነው ብሎ ይሆናል። ክፋት የለውም። ግን ያቺ ራውተር የራሷ ዲኤችሲፒ አላት፣ ጠዋት ቀድማ ለመለሰችለት ማሽን ሁሉ አድራሻ ታድላለች፣ ዲኤንኤሱም እኔ ነኝ ትላለች። የአንተን ዶሜይን ከየት ታውቀዋለች? በዚህ የተነሳ ዛሬ ሦስት ማሽን፣ ነገ ደግሞ ሌላ አራት ማሽን ይታመማል። «አንዳንዴ ነው የሚያስቸግረው» የሚባል ነገር በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ራውተሯን መጣል የለብህም፤ ዲኤችሲፒዋን አጥፋ፣ ኬብሉም በዋን (WAN) ሳይሆን በላን (LAN) ፖርት መሰካቱን አረጋግጥ። አድራሻዋ ከሌላ ዕቃ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ ተጠንቀቅ።

ሦስተኛው መስመር ዲኤንኤስ ሰርቨርስ የሚለው ነው። አንደኛው የሰርቨርህ፣ ሁለተኛው 8.8.8.8፣ የጉግሉ፣ ከሆነ ተገኘ ማለት ነው። የሚደረግበት ምክንያት ይገባኛል፤ ሰርቨሩ ሲቆም ኢንተርኔት እንዳይቆም ነው፣ ኢንተርኔት ሲቆም ደግሞ የሚጮኸው ሥራ አስኪያጁ ነው። ግን ዊንዶውስ ሁለተኛውን አድራሻ እንደምታስበው አይጠቀምበትም። ጠዋት አንደኛው ፈጥኖ ካልመለሰ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፣ ከዞረም በኋላ ቶሎ አይመለስም። የጉግሉ ዲኤንኤስ ደግሞ የቢሮህን ዶሜይን ሲጠየቅ «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ ይመልሳል። ለዊንዶውስ ይህ ሙሉ መልስ ነው፤ ሌላ ጋ ሄዶ አይጠይቅም። ውጤቱ ግራ ያጋባል። ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ኤስ ድራይቭ የለም። ሠራተኛውም «ኔትወርኩማ ይሠራል!» ይልሃል። ስለዚህ በኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ዲኤንኤስ የሰርቨርህ ብቻ ይሁን። 8.8.8.8ን ከፈለግከው ሰርቨሩ ላይ፣ ዲኤንኤሱ ውስጥ ፎርዋርደር፣ ማለትም ሰርቨሩ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው፣ አድርገህ አስገባው። ቦታው እዚያ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደህና ሆኖ ችግሩ ካለ ወደ ስዊቹ ሂድ። ማኔጅ የሚደረግ ስዊች ከሆነና ኬብል ዞሮ ሲሰካ ኔትወርኩ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ስፓኒንግ ትሪ ከበራበት ኬብል ሲሰካ ወይም ማሽን ሲበራ ፖርቱን ወዲያው ላይከፍተው ይችላል። በነባሩ አሠራር 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። 30 ሰከንድ ሄደ። ኤስኤስዲ ያለው ማሽን በዚያ ጊዜ ሰውን አስገብቶ ጨርሷል። መፍትሔው ኮምፒውተር የተሰካባቸውን ፖርቶች ፖርትፋስት ማድረግ ነው፤ በአንዳንድ ስዊች ኤጅ ፖርት ይባላል። ስዊችን ከስዊች የሚያገናኘውን ፖርት ግን እንዳትነካ። እሱ ላይ ካደረግከው አንድ ቀን አንድ ሰው ኬብል አዙሮ ሲሰካ ቢሮው በሙሉ ይወድቃል። ስዊችህ ማኔጅ የማይደረግ ርካሹ ዓይነት ከሆነ ይህን አንቀጽ እለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ቁልፍ። በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ኮምፒውተር ኮንፊጉሬሽን፣ ከዚያ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሎግኦን ግባ። እዚያ ኦልዌይስ ዌይት ፎር ዘ ኔትወርክ አት ኮምፒውተር ስታርትአፕ ኤንድ ሎግኦን የሚል አለ። ኢኔብል አድርገው። ትርጉሙ ኮምፒውተሩ ሲነሳም ሰው ሲገባም ኔትወርኩንና ፖሊሲውን ይጠብቅ ነው። ጠዋት ትንሽ ይዘገያል፤ ሠራተኞቹን አስቀድመህ ንገራቸው፣ አለበለዚያ «ኮምፒውተሬን አዘገየኸው» ትባላለህ። ኔትወርክህ በጣም የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ እዚያው ሲስተም ስር፣ ግሩፕ ፖሊሲ የሚለው ውስጥ፣ ስፔሲፋይ ስታርትአፕ ፖሊሲ ፕሮሰሲንግ ዌይት ታይም አለ። ሳይነካ 30 ሰከንድ ነው። 60 ብታደርገው ይበቃሃል። ላፕቶፖቹን ግን ከዚህ ለይ፣ በዶሜይኑ ውስጥ የራሳቸው ክፍል (ኦዩ) ይኑራቸው። ቤቱ ሆኖ የሚከፍት ሰው የሌለውን ሰርቨር እንዲጠብቅ ማድረግ ግፍ ነው።

ይህን ቁልፍ በመጨረሻ የነገርኩህ አውቄ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል። ዲኤንኤሱ የተሳሳተ ማሽን ግን ቢጠብቅም አያገኝም፤ ያው ችግር 30 ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። ማታ ሻትዳውን ተደርጎ ጠዋት የበራ ማሽንና ሪስታርት የተደረገ ማሽን አንድ አይደሉም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አለ። ሻትዳውን ስትል ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ግማሹን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ጠዋት ከዚያው ይነሳል። ታስክ ማናጀር ከፍተህ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለው ጋ አፕ ታይም የሚለውን ተመልከት። በየማታው የሚዘጋ ማሽን ለቀናት ሳይጠፋ እንደቆየ ሲነግርህ ታያለህ። በዚህ ምክንያት ሲነሳ መሠራት የነበረበት የማሽኑ ፖሊሲ ሳይሠራ ሊያልፍ ይችላል። ዴስክቶፖቹ ላይ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋው። ኤስኤስዲ ካላቸው ልዩነቱ አይታወቅም። ከላይ ያልኩህን ፖሊሲ ካበራህ በኋላም ማሽኖቹን ሪስታርት አድርግ እንጂ ሻትዳውን አይበቃም።

ወደ መብራቱ እንምጣ፤ የአንተ ቢሮ የሚጮኸው ያን ቀን ነውና። መብራት ሲመለስ ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሰርቨር ግን እንደ ዴስክቶፕ አይደለም። ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ሬይዱን (የዲስኮቹን ጥምረት) እስኪፈትሽ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ከዚያ ነው ገና ዊንዶውሱ የሚጀምረው። ዴስክቶፖቹ በዚያ ጊዜ ዲኤችሲፒም ዲኤንኤስም ዶሜይን ኮንትሮለርም የሌለበት ቢሮ ውስጥ ነቅተው ተቀምጠዋል። ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ አድርገኸው ይሆናል። ስዊቹስ? ብዙ ቦታ የማየው ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ፣ ስዊቹ ደግሞ ከተራ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ነው። ስዊቹ ከጠፋ የሰርቨሩ በሕይወት መኖር ለማንም አይጠቅምም። ስዊቹ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ እዚያው ዩፒኤስ ላይ ጨምረው። የዴስክቶፖቹን ባዮስ ደግሞ መብራት ሲመጣ ጠፍተው እንዲቆዩ አድርግ፤ ሰው በእጁ ያብራቸው። ሰርቨሩ ግን በራሱ ይነሳ። ይህች ብቻ ተራውን ታስተካክላለች፣ ገንዘብም አትጠይቅም።

አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ ባለበት ቢሮ ሰርቨሩ ራሱም የዚሁ በሽታ ሰለባ ይሆናል። ሲነሳ ኔትወርኩን የሚለየው ሰርቪስ ይቀድምና፣ የራሱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜይኑ መዝገብ) ገና ስላልተነሳ፣ ኔትወርኩን ዶሜይን ከማለት ይልቅ ፐብሊክ ይለዋል። ፋየርዎሉ ይዘጋል። ሰርቨሩ በርቷል፣ ፒንግ እንኳ ላይመልስ ይችላል። መብራት ከመጣ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ኔትወርኩ ምን ተብሎ እንደተለየ አንዴ እይ። ፐብሊክ ካለ የኔትወርክ ካርዱን ዲሴብል አድርገህ መልሰህ ኢኔብል አድርገው፤ እንደገና አይቶ ዶሜይን ይለዋል። ይህን ስታደርግ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጠህ ይሁን። በሪሞት ገብተህ ካርዱን ካጠፋኸው መልሰህ የምታበራበት መንገድ የለህም።

መብራት ሲሄድ ሰዓትም ይሄዳል። አሮጌ ማሽኖች ላይ 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ካለቀ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከርቤሮስ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገስም። ይሄን ብዙዎች ያውቁታል። የማይታወቀው የታይም ዞኑ ነው። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል ታይም ዞን ፈልገህ አታገኝም፤ የኛ ያለው ናይሮቢ የሚል ስም ስር ነው፣ ሲደመር 3 ሰዓት። ያጣው ሰው ምን ያደርጋል? ዞኑን አሜሪካ ላይ እንደነበረ ይተወውና ሰዓቱን በእጁ ያስተካክላል። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ልክ ነው። ከርቤሮስ ግን የሚያነበው ዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሆነ ማሽኑ በብዙ ሰዓት ስቷል። አይተህ አይተህ የማይገኝ ስህተት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዞኑንም አረጋግጥ።

ቀይ ኤክሱ ሁለት ዓይነት ነው። ድራይቩን ደብል ክሊክ ስታደርገው ከተከፈተና ኤክሱ ከጠፋ ግንኙነቱ ተኝቶ ነበር፣ ብዙ አያሳስብም። ችግሩ ፒችትሪ ደብል ክሊክ አያደርግም። መንገዱን ሲያጣ «የለም» ብሎ ይዘጋል። ኤስ ድራይቭን የምትሰጠው በግሩፕ ፖሊሲ ድራይቭ ማፕስ ከሆነ አክሽኑ አፕዴት ይሁን። ሪፕሌስ ከሆነ ፖሊሲው በታደሰ ቁጥር ድራይቩን ነቅሎ ሊተክለው ይችላል፣ ፒችትሪ ክፍት እያለ ይህ ከሆነ የዚያን ቀን ሥራ አስበው። የድሮ ሎግኦን ስክሪፕትም ካለ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በእጁ ኤስ ብሎ ያገናኘው ካለ፣ አጥፋው። አንድ ፊደል ሁለት ጌታ አይኑረው። ፒችትሪን ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብለው ለሚከፍቱት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአድሚን የተከፈተ ፕሮግራም በተራው ተጠቃሚ የተገናኘውን ድራይቭ አያየውም። ይህ ከላይ ካልነው ቅደም ተከተል ጋር አይገናኝም። ሰዎቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያመለክቱህ ለይተህ ጠይቃቸው።

ላፕቶፖቹ በዋይፋይ ከሆኑ አጭር ነው። ዋይፋዩ ሰው ከመግባቱ በፊት መገናኘት አለበት። ፕሮፋይሉ ለሁሉም ተጠቃሚ የተቀመጠ፣ በራሱም የሚገናኝ ይሁን። በሠራተኛው ስምና ፓስወርድ የሚገባ ዋይፋይ ከሆነ ማሽኑም በራሱ አካውንት እንዲገባ ካላደረግከው ኔትወርኩ ሁልጊዜ ከሎጊን በኋላ ነው የሚመጣው። ያ እስኪሆን ቢሮ ሲደርሱ ኬብል ይሰኩ።

ለሥራ አስኪያጅህ ደግሞ እንዲህ በላቸው። ዶሜይኑን ብናፈርሰው ራውተሯም፣ ዲኤችሲፒውም፣ የመብራቱ ነገርም አብረውን ይቆያሉ። የሚጨመረው 40 ማሽን ላይ 40 ጊዜ ፓስወርድ ማስተዳደር ነው። ሠራተኛ ሲለቅ አሁን አንድ ቦታ የምትዘጋውን አካውንት ያኔ ማሽን ለማሽን እየዞርክ ልትዘጋ ነው። ይልቅ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር ይግዙ። ትልቅ ማሽን አያስፈልገውም። ያኔ ዲኤንኤሱም ሁለት ይሆናል፣ 8.8.8.8 የተቀመጠበት ቦታ ላይ የሱን አድራሻ ታስገባለህ፤ አንዱ ሰርቨር እስኪነሳ ሌላው ይመልሳል።

ሂሳብ ክፍል ካሉት ማሽኖች ጀምር። አንዱ ላይ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር፣ ዲኤንኤሶቹንና ታይም ዞኑን ጻፍ፤ ኤስ ድራይቭ በጠፋበት ጠዋት የታየው 5719 ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ጨምር። ሎጉ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የኛን ጠዋት 2:30፣ 8:30 ብሎ ነው የምታገኘው። እነዚህን አስተካክለህም ካልሄደ እነዚያኑ መስመሮች የስዊቹን ሞዴል ጨምረህ ላክልኝ።